ከጭብጨባው በፊት «ይደገም» እንበል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጥበብ ዓምዳችሁ ስለ አንድ የግጥም ምሽት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አዳራሹ ጢም ብሎ እንደሞላ፣ ወንበር ያጡ ወጣቶች ደረጃው ላይ ተደርድረው እንደተቀመጡ፣ ታዳሚው ገጣሚዎቹን በጭብጨባ ደጋግሞ እያቋረጠ አድናቆቱን እንደገለጸ ጽፋችኋል። አንዱም ሐሰት የለበትም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ማቋረጡ እንደ ምስጋና መቆጠሩ ነው። እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ መድረክ መሪዎቹም፣ አዘጋጆቹም፣ ገጣሚዎቹ ራሳቸውም እንዲሁ ነው የሚያዩት። እኔ ነገሩን ከሌላ ቦታ ሆኜ ስለምሰማው የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ለሠርግም፣ ለስብሰባም፣ ለመጽሐፍ ምረቃም ስፒከር ተክዬ፣ ገመድ ዘርግቼ፣ ከአዳራሹ ኋላ ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ፊት እቀመጣለሁ። ከሁሉም የምወደው የግጥም ምሽት ነው። ክፍያው ከሠርግ ጋር አይወዳደርም፤ ጆሮዬ በሙሉ የሚሠራው ግን እዚያ ነው። ገጣሚው ወደ ስንኙ መጨረሻ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። እኔ ያንን ጠብቄ የማይኩን ድምፅ በጣቴ ትንሽ ከፍ አደርግለታለሁ። ጭብጨባው የሚወርደው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ማይኩ ተከፍቶ ስለሚጠብቅ ጭብጨባውን ይውጠዋል፣ ስፒከሩ መልሶ ይተፋዋል፣ ሚክሰሩ ላይ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ካልቀደምኩት ደግሞ ያፏጫል። ፈጥኜ ዝቅ ሳደርገው ገጣሚው የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ ጨርሷል። ማንም አልሰማውም። በኋላ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው እንኳ ያቺን ቃል ብዙ ጊዜ አላገኛትም።

አንዲት ቃል ብትጠፋ ምን ይጎዳል የሚል ይኖር ይሆናል። በአማርኛ ብዙ ይጎዳል። ቋንቋችን ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤቱ ተነግሮ፣ ቦታው ተነግሮ፣ ጊዜው ተነግሮ፣ ሰውየው ይምጣ ይቅር፣ ይውደድ ይጥላ የሚታወቀው ነገሩ ሲዘጋ ነው። ገጣሚው «ያንን የእናቴን ቤት፣ ያደግሁበትን፣ እሳት የሞቅሁበትን…» ሲል አዳራሹ ይናጋል። ሸጥኩት ይበል፣ አፈረስኩት ይበል፣ ናፈቀኝ ይበል ማን ያውቃል? ለእናት ቤት አጨበጨብን፤ ግጥሙ ገና አልደረሰም ነበር።

ሰምና ወርቅ ሲሆንማ የባሰ ነው። ለዚህ ደብዳቤ ስል አንዲት ሁለት ስንኝ ልቋጥር፦

መምህሩ ቢሞትበት አገሩ ቢቸገር፣
ደጅ ላይ ቆሞ ይላል እንዲያው ነፍስ ይማር።

በወል ቤት ነው የቋጠርኳት፤ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ሆና መሃል ላይ ትንሽ ታርፋለች። ሰሙ ለቅሶ ቤት ሁላችንም የምንለው ነው። ወርቁ የሚገለጠው «ይማር» ከትምህርት ሲመጣ ነው፤ መምህሩን የቀበረ አገር አንድ ነፍስ እንኳ ይማርልኝ ብሎ ሲለምን። እኔ ገጣሚ አይደለሁም፤ ባለሙያዎቹ ከዚህ እጅግ የረቀቀ ያመጣሉ። ቢሆንም ሁሉም ወርቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰሙ ከገባ በኋላ ጥቂት ጸጥታ። ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። «ነፍስ ይማር» እንደተባለ ጭብጨባ ከፈሰሰበት ግን ሰሙን ይዘን እንወጣለን፤ ወርቁ ገጣሚው ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። የምሽቱ ቅጂ የሚገኘው እኔ ዘንድ ስለሆነ ገጣሚዎች ከመድረክ ሲወርዱ ወደ ኋላ ይመጡና «እስኪ አሰማኝ» ይሉኛል። ከእነሱ አንዱ ገና ሁለተኛ ሦስተኛ መድረኩ የሆነ ወጣት ነበር። ስለ አንዲት እናት ግጥም አንብቧል። ልጇ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራለች። በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክላታለች፤ እናትየው መክፈቱን ስለማታውቅበት የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። ብላቴናው ይከፍትላታል። ሰምታ ስትጨርስ «እስኪ ድገምልኝ» ትለዋለች። እንደገና ይከፍታል። አሁንም «ድገምልኝ»። የብላቴናው ልብ ውጭ ጓደኞቹ ኳስ ከሚጫወቱበት ሄዷል፤ እሷ ደግሞ ልጇ «ደህና ነኝ» ስትል ከድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምታለች። ምን እንደሆነ ግጥሙ አይናገርም። ስንኞቹም ሁልጊዜ ቤት አይመቱም፤ ግጥሙ እንደ ወሬ ነው የሚፈስሰው። ወደ መጨረሻው ስለ ስደትና ስለ አገር አራት ኃይለኛ ስንኞች ነበሩት፤ እነሱ በደንብ ቤት ይመታሉ።

አዳራሹ የፈነዳው ለአራቱ ነው። ወጣቱ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጎ ቅጂውን ከዳር እስከ ዳር ሰማ። እስክሪብቶ አወጣና ወረቀቱ ላይ ጭብጨባ የመጣበትን ቦታ ሁሉ በዳር በዳር ምልክት አደረገ። በሌላ ምሽት ያንኑ ግጥም ይዞ ሲመጣ እናትየዋም፣ የጎረቤቱ ልጅም፣ ስልኩም የሉም። አራቱ ስንኞች ተባዝተው ግጥሙን በሙሉ ይዘውታል። ጭብጨባው ጣሪያ ሊያወርድ ደረሰ። ወጣቱን አልወቅሰውም። ምን እንደምንፈልግ በእጃችን ነገርነው፤ የነገርነውን ሠራ። ያቺ እናት ግን ተሠርዛ ቀረች፤ እኔ ደግሞ ከእሷ የሚበልጥ ነገር በዚያ ዓመት መድረክ ላይ አልሰማሁም።

ይህን ስል ታዳሚ አፉን ዘግቶ፣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ያ የእኛ ልማድ ሆኖ አያውቅም። ፉከራና ቀረርቶ በዝምታ አይሰማም። ሙሾ አውራጇ ስንኝ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ ካልተቀበላት ሙሾው ወዴትም አይሄድ። አዝማሪ ቤት ደግሞ ግጥሙን የሚሰጠው ሰሚው ራሱ ነው። «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ያቀብላል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አዋዝቶ ቃል በቃል ይደግመዋል። ሳቁ የሚመጣው፣ ብሩም ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ስንኙ ሁለት ጊዜ ከተሰማ በኋላ ነው። በቀድሞው ካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ጫጫታው የትየለሌ ነበር፤ ብርጭቆው ይንኳኳል፣ እስክስታው ይቀልጣል፣ ስንኝ ግን አይጠፋም ነበር። ተቀባዩና ሰጪው እየተጠባበቁ ስለሚሄዱ ነው።

የቅኔውም ቤት እንዲሁ። እኔ የቆሎ ተማሪ አልነበርኩም፤ አጎቴ ግን ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት የተማሩ ስለነበሩ ከእሳቸው ብዙ ሰምቻለሁ። ተማሪው ገለል ብሎ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፤ በጉባኤ መዝረፍ፣ ቅኔውን በሰው ፊት ማሰማት ማለት ነው፣ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የሚጀምሩት ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ነው፤ ሁለት ስንኝ ብቻ። መወድስ ላይ ሲደርሱ ስምንት ይሆናል። ቅኔው ሲሞላ፣ ምስጢሩ ሲገለጥ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። አጎቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ራሱ ለወጥ ያደርጉ ነበር፤ የሰው ቅኔ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ራሳቸው «ይበል» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደስ ያላቸውን ቅኔ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከጓደኞቻቸው ጋር ይፈቱታል፣ ይደጋግሙታል። ካረጁ በኋላም የሟች ጓደኞቻቸውን ቅኔ በቃላቸው ይዘው ነበር። ማንም አላተመላቸውም፤ ሰሚ ነው ያቆያቸው።

ታዲያ ይህ የመሃል ጭብጨባ ከየት መጣ? አዳራሹ ራሱ ለግጥማችን አዲስ ነው። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት ግጥምና ሰው የሚገናኙት በቅኔ ማኅሌት፣ በለቅሶ፣ በጠጅ ቤት፣ በግብር ድግስ፣ በዘመቻ ነበር። ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ፣ መብራት ጠፍቶበት፣ ወረቀት የያዘ አንድ ሰው ሲያነብ መስማት ገና ያልጠና ሙያ ነው። እንደ እኔ ግምት ጭብጨባውን ያመጣነው ከስብሰባ ነው። በስብሰባ ተናጋሪው በየአንቀጹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆማል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ለስብሰባም ለግጥምም ድምፅ ስለምሠራ ሁለቱን ጭብጨባ አውቃቸዋለሁ። በቅጂ ብቻ ብታሰሙኝ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየውም። ይህ ያሳዝነኛል። ገጣሚን እንደ ተሰብሳቢ መስማት ከጀመርን ገጣሚውም እንደ ሰብሳቢ መናገር መጀመሩ የማይቀር ነው፤ ጀምሯልም።

መስማት አቅቶን አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲያነብ እኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ሕፃን ካለቀሰ እናቱ ይዛው ትወጣለች። የእሱን ንባብ ዛሬ በሙያዬ ጆሮ ስሰማው የሚገርመኝ ዕረፍቱ ነው፤ ቃሉን ጥሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው የማያያቸውን ሰዎች ነው። እኛም በየቤታችን እንጠብቀው ነበር።

ስለ ሙዚቃውም ትንሽ ልበል። ግጥም በጃዝ መነበብ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት ወደ አዳራሽ መጥቷል። ራስ ሆቴል አዳራሽ በግጥም ምክንያት መግቢያ ሲያጣ ማየት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ደስታ ነው፤ መንገዱን የከፈቱት ሊመሰገኑ ይገባል። አራት ዋና የዜማ ቅኝት አለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከግጥም ኋላ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ትዝታ ነው። ሳክስፎኑ በትዝታ ሲገባ ገጣሚው አፉን ሳይከፍት የሰው ዓይን ዕንባ ያቀርራል። ከዚያ በኋላ ስለ ቁጣ የተጻፈውም፣ ስለ ልጅነት ተንኮል የተጻፈውም፣ አንድ ዓይነት ሐዘን ለብሶ ይወጣል። ግጥሙ ደካማ ከሆነ ትዝታው ይሸፍንለታል፤ ብርቱ ከሆነ ይጋርደዋል። ከበሮ መቺው የሚያደምጥ ሰው ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ወል ቤት ስድስት ስድስት ስለሚሄድ ችክችካ በሚባለው ስልት ስድስት ምት ላይ ይመቻል፤ የሚያደምጥ መቺ መሃል ያለችውን ዕረፍት ሳይነካ ያልፋታል። አንድ የማውቀው አለ፤ ገጣሚው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና እጁን አጣምሮ ይሰማል። ማንም አላዘዘውም። በእሱ ምሽት ሥራዬ ግማሹ ይቀልልኛል።

ስልኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተነሥቶ የሚቀርጽ ሰው በዓይኑ እንጂ በጆሮው አይደለም የመጣው። ለቲክቶክ የምትሆነውን ቁራጭ ካገኘ ይቀመጣል፤ ገጣሚውም ያቺን ቁራጭ ከፊት ማስቀመጥ ለምዷል። በዚህ ላይ ከዚህ የሚበልጥ የምለው የለኝም።

አሁን ደግሞ አንድ ምሽት የሆነውን። አንዲት ገጣሚ አጠር ያለ ግጥም አነበበች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ስለሚሰለፉ ቢጫ ጀሪካኖች ነው። ባለቤቶቹ ገብተው ተኝተዋል፤ ጀሪካኖቹ ወረፋ ይይዛሉ። ውኃው መጥቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ንቁ የሆነው ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ከጀሪካኖቹ የአንደኛው ባለቤት በዚያው ሌሊት ሞቷል። ይህንን የምትናገረው በግማሽ ስንኝ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። ጎረቤቶች ጠዋት ያውቃሉ፤ ጀሪካኑን ግን ከሰልፉ የሚያወጣው ሰው አልተገኘም፤ ሲገፋ ሲገፋ ቧንቧው ጋ ይደርሳል።

አዳራሹ አልገባውም። ለወጉ ያህል ተጨበጨበላት፤ ወረቀቷን አጥፋ ልትወርድ ስትል ከፊት ረድፍ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት «ልጄ፣ ይደገም!» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ገጣሚዋ ወደ መድረክ መሪው አየች፤ መድረክ መሪው የተቀሩትን ገጣሚዎች ዝርዝር ይዞ ሰዓቱን አየ። «ይደገም እንጂ! ምን ቸገረ?» አሉ እንደገና፤ አሁን ሳቅ የለም። ለሙዚቀኞቹ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ዝም አሉ። ደግማ አነበበችው፤ ከመጀመሪያው በዝግታ። ግማሽ ስንኟ ላይ ስትደርስ አጠገቤ ተደግፋ የቆመች ሴት «ውይ!» አለች፤ ለራሷ ነው። ስትጨርስ ማይኩ ክፍት ሆኖ የአዳራሹ ትንፋሽ በጆሮ ማዳመጫዬ ይሰማኝ ነበር። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ከመጀመሪያው እጅግ የበዛ፣ እጅግም የቆየ። ቃል ያልዋጠ ጭብጨባ ስለሆነ ማይኩን ዝቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለገኝም።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። አዘጋጆች በአንድ ምሽት የምታስነብቧቸውን ገጣሚዎች ቁጥር ቀንሱና እያንዳንዱ ቢያንስ አንዱን ግጥም ሁለት ጊዜ ያንብብ። ጊዜው ከየት ይመጣል ብትሉ ከመክፈቻ ንግግሮች ይቀነስ፤ የሚቀነስ ብዙ አላቸው። መድረክ መሪዎች ገጣሚ ስትጠሩ «እስቲ ሞቅ ባለ ጭብጨባ» ካላችሁ በኋላ «ሲጨርስ ደግሞ ደስ ያላችሁን አስደግሙት» ብትሉ ሰው ይሰማችኋል፤ የአዲስ አበባ ታዳሚ የነገሩትን የሚያደርግ ቅን ታዳሚ ነው። ገጣሚዎች ያልተጨበጨበላቸውን ስንኞች ከመሠረዛችሁ በፊት ለአንድ ሰው፣ ቤት ውስጥ፣ ያለ ማይክ አንብቡለትና ፊቱን እዩ። ያ ወጣት ይህን ካነበበ ደግሞ የመጀመሪያው ምሽት ቅጂ አሁንም እኔ ዘንድ አለ፤ እናትየዋም፣ ስልኩም፣ ሁሉም ነገር እንዳለ ነው። ሲፈልግ መጥቶ ይውሰደው።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። የግጥም ምሽት ዘገባዎቻችሁን ሳነብ ስንት ሰው እንደመጣ፣ የክብር እንግዶቹ እነማን እንደነበሩ፣ አዳራሹ እንዴት እንደደመቀ አገኛለሁ። ከተነበቡት ግጥሞች አንዱ እንኳ ስለ ምን እንደሚናገር አላገኝም። ሳይመጣ የቀረ አንባቢ ምን እንዳመለጠው በምን ይወቅ? ገጣሚውን አስፈቅዳችሁ በየምሽቱ አንድ ግጥም በሙሉ አትሙልን፤ አጠገቡ ዘጋቢያችሁ የገባውንም ያልገባውንም ይጻፍበት። ሳይቸኩል፣ ያለ ጭብጨባ፣ በፈለገ ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ የሚያነብ ሰው ከጋዜጣ ውጭ የት ይገኛል? ዘጋቢያችሁ በሚቀጥለው ምሽት ሲመጣ ከፊት ለጋዜጠኞች ከተያዘው ወንበር ይልቅ ወደ ኋላ ወደ ሚክሰሩ ይምጣ። ሁለተኛ የጆሮ ማዳመጫ አለኝ፤ ያመለጠውን ቃል አብረን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ